ከሳታ ኤስኤስዲ ወደ ኤንቪኤምኢ መቀየር ለዕለት ሥራ ለውጥ ያመጣል ወይ?

ሰላም_ሂሳብ፦
እንደምን ዋላችሁ። ላፕቶፑ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው፤ ኮር አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ባለ 2.5 ኢንች 256 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 10። ሥራው ኤክሴል፣ ፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም)፣ ክሮም ላይ ሃያ ምናምን ታብ፣ አንዳንዴ ዙም። ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት ላይ ግን ከኤክሴል ወደ ክሮም ሲኬድ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቀጥ ይላል። ባለሱቁ «ኤንቪኤምኢ አስገቢበት፤ ያለሽ 550 ነው፣ ይኼ 3,500 ነው፣ ስድስት እጥፍ ይፈጥናል» ይላል። በዕለት ሥራ ላይ ስድስት እጥፉ ይታያል? ማዘርቦርዱስ ይቀበለዋል?

ባለካቻቢቴ፦
መቀበሉን ይቀበላል፣ እህቴ። ሳታ የቆየው፣ ኤንቪኤምኢ ደግሞ አዲሱና ፈጣኑ የኤስኤስዲ ማገናኛ መንገድ ነው። 840 ጂ3 ከ2.5 ኢንቹ ቦታ ሌላ ኤም ዶት ቱ ስሎት፣ ቀጭን ካርድ የመሰለ ድራይቭ የሚሰካበት ቦታ፣ አለው። መጠኑ 2280 ነው፤ 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ሳታም ኤንቪኤምኢም ስለሚወስድ የድሮውን ሳትነቅዪ አዲሱን መጨመር ይቻላል።

ስድስት እጥፍ ግን አታዪም። የባለሱቁ ቁጥር ውሸት ሆኖ አይደለም፤ የሚለካው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። 550ውም 3,500ውም አንድ ትልቅ ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ በተከታታይ ሲነበብ የሚገኝ ፍጥነት ነው፣ ሜጋባይት በሰከንድ። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ፒችትሪ ሲከፈት፣ ክሮም ታቦቹን ሲመልስ ዲስኩ የሚጠየቀው እዚህም እዚያም የተበታተነ የ4 ወይም የ16 ኪሎባይት ቁራሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አንዱ ቁራሽ ሳይመጣ ቀጣዩ አይጠየቅም። እዚያ ላይ ወሳኙ ስንት ሜጋባይት ይተፋል ሳይሆን ለአንዷ ጥያቄ ስንት ጊዜ ያስጠብቃል ነው።

በሂሳብ እንየው። አንድ ፕሮግራም ለመነሳት 20,000 ቁራሽ በተራ ማንበብ አለበት እንበል። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አንዷን ለማምጣት ክንዱን ማንቀሳቀስና ሳህኑ እስኪዞር መጠበቅ ስላለበት 15 ሚሊሰከንድ ግድም ይወስድበታል፤ በጠቅላላው 300 ሰከንድ፣ አምስት ደቂቃ። ሳታ ኤስኤስዲ ለአንዷ 0.1 ሚሊሰከንድ ግድም፤ በጠቅላላው 2 ሰከንድ። ጥሩ ኤንቪኤምኢ 0.07 ቢሆን 1.4 ሰከንድ። አምስት ደቂቃ ወደ ሁለት ሰከንድ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ከሁለት ወደ 1.4 ሲወርድ ሰዓት ካልተያዘ አይታወቅም። አንቺ ትልቁን ዝላይ ቀድመሽ ዘለሻል።

ተማሪ_ኮድ፦
እኔ እንኳ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ክሪስታል ዲስክ ማርክ በሚባለው የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ላይ የመጨረሻውን መስመር፣ የ4 ኪሎባይቱን በአንድ ወረፋ የሚለካውን ብታዩ፣ ሳታው 35 ሜጋባይት በሰከንድ በሚሰጥበት ቦታ ኤንቪኤምኢው 60 ይሰጣል። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እንዴት «አይታወቅም» ይባላል?

ባለካቻቢቴ፦
ቁጥሩ ልክ ነው ወንድሜ። የቀረው ነገር ዲስኩ ከጠቅላላው ጊዜ ስንት እጅ ይይዛል የሚለው ነው። አንድ ፕሮግራም በ5 ሰከንድ ቢከፈትና ከዚያ ውስጥ ዲስክ የሚጠበቀው 1.5 ሰከንድ ቢሆን፣ የቀረው 3.5 የሲፒዩ ነው፤ የታመቀ ፋይል መፍታት፣ አንቲቫይረሱ እያንዳንዱን ፋይል መፈተሹ፣ ፕሮግራሙ ራሱን ማዘጋጀቱ። የዲስኩን ድርሻ በግማሽ ብትቀንሰው 5 ሰከንዱ 4.25 ይሆናል። ለማስነሳትም እንዲሁ ነው፤ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ገጽ ላይ ከላይ በቀኝ «ላስት ባዮስ ታይም» የሚል አለ። እሱ 12 ሰከንድ ካለ ያንን 12 ሰከንድ የትኛውም ኤስኤስዲ አያሳጥረውም፤ ባዮስ ማሽኑን መጀመሪያ የሚያነቃው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው፣ ዊንዶውስ ገና አልጀመረም።

ኤንቪኤምኢ ጉልበቱን የሚያሳየው ብዙ ጥያቄ በአንዴ ሲመጣለት ነው። ሳታ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት ደንብ፣ ኤኤችሲአይ፣ አንድ ወረፋ ብቻ አለው፣ 32 ትእዛዝ የሚይዝ። ኤንቪኤምኢ በደንቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወረፋዎች ሊኖሩት ይችላሉ። ዳታቤዝ የያዘ ሰርቨር፣ ሦስት አራት ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) አብሮ የሚያስነሳ ሰው ይጠቀምበታል። አንድ ሰው ኤክሴልና ክሮም ከፍቶ ሲሠራ ግን ወረፋው ላይ ከሁለት ከሦስት ጥያቄ በላይ ቆሞ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አንተ ትልልቅ ፕሮጀክት ኮምፓይል ካደረግህ ለአንተ የተለየ ነው፤ እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የሚያንቀው ሲፒዩው ነው።

ፍሬም25፦
ቪዲዮ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ለኤዲቲንግ ኤንቪኤምኢ ግድ ነው» የሚባለው ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ ያስወጣል። ካሜራው በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ከሆነ ለስምንት ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው። አራት ካሜራ ጎን ለጎን ብታጫውቱ 50 ሜጋባይት። ሳታ ኤስኤስዲ 500 ይሰጣል። ታይምላይኑ የሚንቀጠቀጠው የታመቀውን ምስል የሚፈታው ሲፒዩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ ስላቃተው ነው፤ መድኃኒቱ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ጊዜ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ፣ መሥራት ነው።

ልዩነቱ በእጅ የሚዳሰሰው ቅጂ ላይ ነው። የሠርግ ቀረጻ 50 ጊጋ ከድራይቭ ወደ ድራይቭ ሲገለበጥ ከሃርድ ዲስክ በ100 ሜጋባይት 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሁለት ሳታ ኤስኤስዲዎች መካከል 100 ሰከንድ፣ በሁለት ኤንቪኤምኢዎች መካከል 20 ሰከንድ ግድም። ግን ሁለቱም ጫፍ ፈጣን መሆን አለበት። ከዩኤስቢ 2.0 ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው 30 እና 40 ሜጋባይት ላይ ነው የሚቀረው፤ ውስጥ ያለው ዲስክ ምንም ቢሆን።

ዳታ_ጠባቂ፦
እህት ሰላም፣ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ይለካ። ከሰዓት ላይ ቀጥ ማለት ሲጀምር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተሽ እነዚህን ጻፊ።

ሜሞሪ ላይ፦ «ኢን ዩዝ» ስንት ነው፣ «ኮሚትድ» ከስንት ስንት ነው፣ «ስሎትስ ዩዝድ» ምን ይላል። ኮሚትድ (ፕሮግራሞቹ የጠየቁት ጠቅላላ ሜሞሪ) ካለሽ ራም በብዙ ከበለጠ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ እያስቀመጠ ሳይሆን አይቀርም።

ዲስክ ላይ፦ «አክቲቭ ታይም» በመቶኛ እና «አቨሬጅ ሪስፖንስ ታይም»። ጤነኛ ኤስኤስዲ ላይ ይኼ ሁለተኛው ከ1 ወይም ከ2 ሚሊሰከንድ ብዙ አይርቅም። ሥራ ሳይበዛበት 50 እና 100 ሚሊሰከንድ የሚያሳይ ኤስኤስዲ ታሟል፤ ወይም እስከ አፉ ሞልቷል። ከ10 እስከ 15 በመቶ ባዶ ቦታ ሁሌም ይቅርለት።

ሲፒዩ ላይ፦ ፍጥነቱ። ሥራ በዝቶበትም 0.8 ጊጋኸርዝ ግድም ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ችግሩ ዲስክ አይደለም፤ ወይ ሙቀት ነው፣ ወይ ላፕቶፑ የማያውቀው ቻርጀር ተሰክቶበታል። ይኼ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው፤ ኦሪጂናል ያልሆነ ቻርጀር ሲሰካ ራሱን የሚያዘገይ ላፕቶፕ ብዙ ነው።

ቤተ_ሙከራ፦
የትምህርት ቤት ላብ ውስጥ 15 ዴስክቶፖች አሉ፤ ሁሉም 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። ከተከፈቱ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ነው። የአንዳንዶቹ ማዘርቦርድ ሳታ 2 ብቻ ነው፤ ኤስኤስዲ ቢገባበት ይባክናል?

ባለካቻቢቴ፦
አይባክንም። ኤስኤስዲ ከሁሉ በላይ የሚክሰው እንደዚህ ያለውን ማሽን ነው። ሳታ 2 ጣሪያው 270 ሜጋባይት ግድም ነው፤ ትልቅ ፋይል ላይ በግማሽ ይቀንሳል፣ የትንንሾቹ ቁራሾች መጠበቂያ ጊዜ ግን ያው ነው፤ የምትፈልጉትም እሱን ነው። ለላብ 240 ጊጋ ይበቃል፤ ዊንዶውስ ላይ 223 ሆኖ ሲታይ አትደንግጡ፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ባዮስ ገብታችሁ ሳታው ኤኤችሲአይ ላይ መሆኑን እዩ። በድሮ ማዘርቦርዶች አይዲኢ በሚባለው የቀድሞ አሠራር ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ዝም ብሎ መቀየር ሰማያዊ ስክሪን ስለሚያመጣ ከመጫኑ በፊት ይቀየር።

ኤንቪኤምኢ በካርድ አስማሚ እንክተትበት ብትሉ ዳታ መያዣ ሆኖ ይሠራል፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩ አብዛኞቹ ባዮሶች ግን ከእሱ ማስነሳት አያውቁም። ለላብ አይመከርም።

ብሎን22፦
አጫጫኑ ላይ ሰው የሚጎዳባቸውን ቦታዎች ልጻፍ።

የድሮውን ወደ አዲሱ መገልበጥ ለሚፈልግ ክሎንዚላ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራል፤ ግን መድረሻው ከመነሻው ያላነሰ እንዲሆን ይፈልጋል። 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ላይ 60 ጊጋ ብቻ ቢኖርም ወደ 240 አይገለብጥም፤ 256 ወደ 240ም እንዲሁ። መጀመሪያ በዲስክ ማኔጅመንት ሲን (ዊንዶውስ ያለበትን ክፍል) ማሳነስ፣ ከዚያም በክሎንዚላ ኤክስፐርት ሞድ የመጠን ፍተሻውን መዝለል ያስፈልጋል፣ ወይም ከድራይቩ አምራች የሚመጣውን መገልበጫ መጠቀም። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከበራ ከመገልበጥ በፊት አቁሙት፤ የማገገሚያ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጻፉት።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሁለቱን ዲስኮች አንድ ላይ ሰክታችሁ አታስነሱ። የድሮውን ንቀሉ፣ አዲሱ ብቻውን ይነሳ፣ ከዚያ በኋላ ነው አሮጌው የሚመለሰው። ሲ ሰፊ በሆነው ዲስክ ላይ ካልሰፋና «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ደብዝዞ ከታየ፣ ከሲ ቀጥሎ የተቀመጠችው የሪከቨሪ ክፍል መንገድ ዘግታ ነው፤ እሷን ወደ መጨረሻ የሚያሻግር የፓርቲሽን ፕሮግራም ያስፈልጋል።

አዲስ ዊንዶውስ የሚጭን ደግሞ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል። እዚህም በመጫን ጊዜ አሮጌው ዲስክ ይነቀል። ካልተነቀለ ዊንዶውስ ማስነሻውን አሮጌው ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ከወር በኋላ አሮጌው ሲወጣ አዲሱ አልነሳ ይላል፤ ሰው «ኤስኤስዲው ተበላሸ» ብሎ ይመልሰዋል። ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ዲስክ በመቀየር አይጠፋም፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያነቃል።

11ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ መጫኛው «ምንም ድራይቭ የለም» ካለ ድራይቩ አልሞተም። ባዮስ ላይ ቪኤምዲ የሚለው የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ ቅንብር በርቶ ነው፤ ወይ ይጠፋል፣ ወይ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ሾፌር በፍላሽ ይሰጠዋል።

ባዮስ ለመግባት ኤችፒ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ1፣ ዴል ኤፍ2።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ለቤተሰብ ከዚህ ከአሜሪካ በሰው እጅ ሁለት ድራይቭ ሊላክ ነው። አንዱ ለቲንክፓድ ቲ480፣ አንዱ ለ2012ቱ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ። ምን ይገዛ? ስህተት ከሆነ መመለሻው ሩቅ ነው።

ባለካቻቢቴ፦
ለማክቡኩ፣ የሬቲና ስክሪን የሌለው ከሆነ፣ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ፣ 7 ሚሊሜትር ውፍረት። ኤም ዶት ቱ አይገባበትም። ባለሬቲናው ከሆነ ግን ይኼ አይገባበትም፤ ሳትገዙ አረጋግጡ። የዚያ ሞዴል የታወቀ ደካማ ጎን ከዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ የምትሄደው ጠፍጣፋ ኬብል ናት። አዲሱ ኤስኤስዲ ቀጥ እያለ ካስቸገረና በዩኤስቢ ሲሰካ ደህና ከሆነ ኬብሏ ናት፤ አብራችሁ ላኩላቸው። የታች ክዳኑን ብሎኖች የሚፈታው ፊሊፕስ ባለ ሁለት ዜሮ ካቻቢቴ ነው።

ለቲ480 ሁለት መንገድ አለ። የ2.5 ኢንቹ ቦታ ላይ ሳታ፣ ወይም እዚያው ቦታ ላይ በሌኖቮ አስማሚ ኤንቪኤምኢ። አስማሚው አብሮ ካልተላከ ኤንቪኤምኢው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። በዚያ መንገድ የሚያገኘው ሁለት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር (ዳታ የሚያልፍበት መንገድ) ብቻ ስለሆነ 3,500ውን የሚሰጥ ድራይቭ 1,600 ግድም ላይ ይቆማል፤ 7,000 የሚለው አዲሱ የጄን4 ትውልድ ድራይቭም እዚያው ነው የሚቆመው። ለእሱ ትርፍ ዶላር አይከፈል።

ኤም ዶት ቱ ስትገዙ ቅርጹ አያታልላችሁ፤ ሳታውም ኤንቪኤምኢውም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። እግሩ ላይ አንድ ስንጥቅ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ፣ ሁለት ስንጥቅ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው፤ እርግጠኛው ግን ተለጣፊው ላይ የተጻፈው ነው።

ሜርኩሪ፦
ርካሹን ሳታና ትንሽ ወደድ የሚለውን የሚለየው ምንድነው? ሁለቱም 550 ነው የሚሉት።

ዳታ_ጠባቂ፦
550ው የሳታ ጣሪያ ስለሆነ ሁሉም ይጽፈዋል። ልዩነቱ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዲራም የሚባለው ፈጣን ሚሞሪ ነው፤ ኤስኤስዲው የትኛው ዳታ የት እንዳለ የሚያውቅበትን ካርታ የሚይዝበት። ሳምሰንግ 870 ኢቮ አለው፣ ኪንግስተን ኤ400 የለውም። ዲራም የሌለው ኤንቪኤምኢ አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ራም በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበደራል፤ ሳታ ያንን መበደር አይችልም፤ ስለዚህ በሳታ ላይ የዲራም መኖር ይበልጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሴሉ ዓይነት ነው። ኪውኤልሲ (በአንድ ሴል አራት ቢት የሚያጭቅ) የሆነ ድራይቭ ፈጣኑ መሸጎጫው እስኪሞላ ይሮጣል፣ ከሞላ በኋላ ትልቅ ፋይል ሲጻፍበት 100 ሜጋባይት ግድም ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ሰነድ ለሚጽፍ ሰው ይኼ አይገጥመውም፤ በየቀኑ 100 ጊጋ የሚገለብጥ ሰው ይበሳጫል።

ዕድሜውን አትፍሩ። ኤ400 240 ጊጋው 80 ቴራባይት ጽሕፈት ዋስትና አለው፤ በቀን 20 ጊጋ ቢጻፍበት 4,000 ቀን፣ 11 ዓመት ግድም ነው። 870 ኢቮ 500 ጊጋው 300 ቴራባይት።

ከዕድሜው ይልቅ የሚያስፈራው የመብራት መቆራረጥ ነው። ለቤት የሚሸጡ ኤስኤስዲዎች መብራት ድንገት ሲጠፋ በእጃቸው ያለውን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር የላቸውም። ካርታው በሚጻፍበት ቅጽበት ከጠፋ ድራይቩ እንዳለ ሊሰወር ይችላል። ፋይሰን ኤስ11 ኮንትሮለር (ድራይቩን የሚመራው ቺፕ) ያለበት ድራይቭ ባዮስ ላይ የራሱን ስም ትቶ «ሳታፈርም ኤስ11» ብሎ ከታየ ፈርምዌሩ (የድራይቩ የውስጥ ፕሮግራም) ወድቋል፤ ዳታውን ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ይጠብቀዋል፤ ባትሪው ሞቶ በሶኬት ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ግን እንደ ዴስክቶፕ ነው። ለላቡ 15 ማሽኖች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ካልተገኘ ቢያንስ ውጤትና ሰነድ የሚቀመጥበት ማሽን ይኑረው። የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አትጣሉት፤ ጤነኛ ከሆነ የዩኤስቢ ካዝና ገዝታችሁ መጠባበቂያ አድርጉት።

ብሎን22፦
ስትገዙ ደግሞ ፈትሹ፣ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ። የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። «ፓወር ኦን አወርስ» አዲስ ዕቃ ላይ ዜሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ነው፤ 9,000 ሰዓት የሠራ «አዲስ» የለም። «ትራንስፈር ሞድ» የሚለው ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው አሁን የሚሠራበት፣ ሁለተኛው የሚችለው። ሳታ 300 ከዚያ ሳታ 600 ካለ ማሽኑ ወይም ገመዱ እየያዘው ነው።

በጣም በርካሽ የሚሸጡ «2 ቴራ» የውጭ ኤስኤስዲዎች ላይ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ሚሞሪ ካርድ ነው፤ መጠኑን በሐሰት ያሳያሉ፣ ከ64 ጊጋ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ድራይቩን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ያንን ሳያልፍ ምንም ነገር አትመኑበት።

ሰላም_ሂሳብ፦
ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተነበበው ይኼ ነው። ሜሞሪ ኢን ዩዝ 7.3 ከ7.9፤ ኮሚትድ 12.6 ከ14.9፤ ስሎትስ ዩዝድ 1 ኦፍ 2። ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች፣ መስኮት ሲቀየር ለቅጽበት 60 ይደርሳል፤ ሪስፖንስ ታይም 0.9 ሚሊሰከንድ። ሲፒዩ 2.6 ጊጋኸርዝ።

ዳታ_ጠባቂ፦
በቃ ተገኘ። ኤስኤስዲሽ ጤነኛ ነው። የጎደለሽ ራም ነው። 12.6 ጊጋ የሚፈልግ ሥራ 8 ጊጋ ውስጥ ገብቷል፤ የተረፈውን ዊንዶውስ ከፊሉን አምቆ፣ ከፊሉን ዲስክ ላይ ያኖረዋል። ወደ ክሮም ስትመለሺ የምታዪው የ60 በመቶ ብልጭታ ያንን ሲመልስ ነው። ኤንቪኤምኢ ብታስገቢ መመለሱ ትንሽ ይፈጥናል፤ ራም ብትጨምሪ መመለስ የሚባለው ራሱ አይኖርም። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ ታቡ እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው።

አንድ 8 ጊጋ ዲዲአር4 የላፕቶፕ ራም ግዢ። ማሽኑ በ2133 ነው የሚሠራው፤ 2400 ወይም 2666 ቢገኝም ይሠራል፣ ራሱን ወደ 2133 ያወርዳል። ዲዲአር3 አይገባም፣ ስንጥቁ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ ስሎቶች እኩል ሲሞሉ ሲፒዩው በሁለት ቻናል ስለሚያነብ በዚያም ታተርፊያለሽ።

ስድስተኛ ትውልድ ለዊንዶውስ 11 በይፋ ከተፈቀዱት ውስጥ የለም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ስለዚህ በዚህ ላፕቶፕ ላይ ውድ ኤንቪኤምኢ መጫን በሁለት በኩል አያዋጣም።

ሰላም_ሂሳብ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራሙን ራሴ ላስገባው ወይስ ሱቅ ይሻላል?

ባለካቻቢቴ፦
ራስሽ ትችያለሽ። ከማጥፋትሽ በፊት ፋስት ስታርትአፕን አጥፊ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው የሚቀረው። ቻርጀሩን ንቀዪ፣ የታች ክዳኑን ክፈቺ፣ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ማያያዣ አላቂ። እጅሽን የብረት ነገር ላይ አሳርፈሽ ስታቲኩን አስወጪ። ራሙን በ30 ዲግሪ ግድም አዘንብለሽ የወርቃማው እግር መስመር እስኪጠፋ ግፊው፤ ከዚያ ወደ ታች ስትጫኚው በሁለቱም ጎን ያሉት ቅንጥቦች ቀጭ ይላሉ። አንዱ ብቻ ቀጭ ካለ አልገባም።

መጀመሪያ ስታበሪው ስክሪኑ እስከ አንድ ደቂቃ ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱን ራም እየለካ ስለሆነ አታጥፊው። የካፕስ ሎክ መብራት በተደጋጋሚ ብልጭ ድርግም ካለ ግን አጥፊና ራሙን አውጥተሽ መልሰሽ አስገቢ፤ አሁንም ካለ አዲሱን ብቻውን በመጀመሪያው ስሎት ሞክሪው፣ ካልሠራ ወደ ሱቁ የሚመለሰው እሱ ነው።